ያልለካሁት ክንድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለዚህ ሳጥን ነው ላንድሮቨሩ ዓባይን ወርዶ የወጣው! ጓንት ይመጣል ስንል፣ መድኃኒት ይመጣል ስንል፣ የሆስፒታላችን ሐኪም ዶክተር አምሃ ከአዲስ አበባ አንድ ግራጫ ሳጥን ታቅፈው ወረዱ። ለሦስት ሳምንት በውሰት ነው አሉ። የደም ግፊት ይለካል፤ የሚለካ ሰው አያስፈልገውም። በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ ይነፋል፣ ራሱ ያስተነፍሳል፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጥቅልል ላይ ራሱ ይመታል። ለደም ብዛት የምንሰጠው ክኒን በዝቶ እንደሆነ ወይም አንሶ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ እየለካ ያሳያል።

«እንግዲህ ዐረፍህ፣ ጌታነህ!» አሉኝ እየሣቁ።

አልሣቅሁም።

የሴቶቹ ክፍል ዛሬም ይሸታል። የወለል መድኃኒት፣ ሽንት፣ የረጠበ ጋቢ፣ ከትላንት የተረፈ ሽሮ። ስምንት ዓመት በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት ሠርቼ ይሄን ሽታ አልለመድሁትም። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል እንኳ ፊቱን ያዞረ ይመስለኛል።

ሦስተኛው አልጋ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ተኝተዋል፤ የይጁቤ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ቅቤያቸውን ተሸክመው ወደዚህ ወደ ማርቆስ ሲመጡ መንገድ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ግራ ክንዳቸው ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው። የደም ብዛት ታካሚያችን ናቸው፤ ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ እየተመላለሱ ክኒን ይወስዳሉ። ግፊታቸው አልወርድ ስላለ ዶክተር ሦስት ጊዜ ጨምረውላቸዋል።

«የጣላቸው ግፊቱ ነው። አራተኛ ጊዜ ሳንጨምር አንቀርም» አሉ ዛሬ። «ሳጥኑን ነገ ከእርሳቸው እንጀምር።»

በተመላላሽ ክፍል ግፊት የምለካው እኔ ነኝ። መዝገቡም የኔ ነው።

ሮብ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሳጥኑን ጨርቅ በወይዘሮ ስንዱ ቀኝ ክንድ ላይ አሰርን። ሳጥኑ ጉርርር ብሎ መንፋት ሲጀምር ልጃቸው የሺ ከራስጌያቸው ብድግ አለች።

«ምነው ይሄ ነገር ያንቃል!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «እናንተስ እጅ የላችሁም?»

ነርሷ ሲስተር አስቴር ሣቀች። እኔ ወረቀቱን አየሁ። 150 ይላል።

በመዝገቤ ላይ ያለው የመስከረሙ ቁጥር 210 ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክኒናቸውን ዋጡ። አራት ክኒን ባንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ፣ 130። ሦስት ተኩል፣ 104። አራት ሰዓት፣ 88። አራት ተኩል ሊሆን ሲል ወደ ደጅ ልውጣ ብለው ተነሡ፤ ጨርቁን ሳንፈታላቸው ሁለት እርምጃ ሄደው የሺ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ወለሉ ላይ ደግፈናቸው ሳለ ሳጥኑ ሰዓቱን ጠብቆ ነፋ። 70።

ፊታቸው ዐመድ መስሏል። የከንፈራቸው ቀለም ሲመለስ፣ «ያን ቀንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ» አሉ። «ክኒኔን ዋጥሁ፣ ቅቤዬን ተሸከምሁ፣ ወንዙን ስሻገር ዓለም ጨለመብኝ። ስነቃ ክንዴ ከሥሬ ነው።»

ሲስተር ወረቀቱን ቀድዳ ለዶክተር አስቀመጠችው። እኔ እጄን ታጠብሁ። ቆይቼ ደግሞ ታጠብሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ስለሆነ ተመላላሽ ጥቂት ነው። ዶክተር ወረቀቱን ዘርግተው አዩት።

«ተበላሽቷል» አሉ። «ዓባይ በረሃ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ዘለለ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ግን እኮ ወድቀዋል፣ ዶክተር» አለች ሲስተር አስቴር።

«ግፊቱ ነዋ የሚጥላቸው!» መዝገቡን ገለጡና የኔን ጽሕፈት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ማሽን ይሳሳታል፤ ጌታነህ አምስት ወር ሙሉ አይሳሳትም። እኔ የዚህን ሰው እጅ አምናለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ባትሪ ድንጋዩን ቀይራችሁ ድገሙት። መጠኑ እስከዚያው ባለበት ይቆይ።»

ባትሪ ድንጋዩን እኔው ቀየርሁ።

እንግዲህ ልጻፈው። ለማንም ያልነገርሁትን ለዚህ ደብተር ልንገረው።

የግንቦቱን ለክቻለሁ። 210 ነበር፤ እውነት ነው። ሰኔ ላይ የመንፊያው ላስቲክ ተቀደደ። ሌላ ጠየቅሁ፤ ይመጣል ተባለ። ደጁ ላይ ግን ሰው ተኮልኩሏል፤ ከደምበጫ፣ ከሮብ ገበያ፣ ዝናብ ሲደበድበው ያደረ። መለኪያ የለም፣ ተመለሱ ማለት ከበደኝ። ስለዚህ ጨርቁን እጠቀልላለሁ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፣ ያለፈውን ወር ቁጥር አይና ያንኑ እጽፋለሁ። ያንኑም እንዳለ አይደለም። አራት እቀንሳለሁ፣ ወይም ስድስት እጨምራለሁ፣ እውነት እንዲመስል። ከሁሉ የሚቀፈኝ ይሄ አራትና ስድስቱ ነው። ሰነፍ ሰው ያንኑ ይገለብጣል። እኔ ግን ተጠበብሁበት።

ነሐሴ ላይ ላስቲኩ መጣ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ግን ቶሎ ሲያልቅልኝ ለምጃለሁ። መዋሸቱ ከመለካቱ ቀለለኝ። ባላገሮቹም ይመርቁኛል። «ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥህ» ይሉኛል። ምርቃቱን ተቀብያለሁ።

ዶክተር ለወይዘሮ ስንዱ ሦስት ጊዜ የጨመሩት በነዚያ ቁጥሮች ነው። ክንዳቸውን የሰበርሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ሳጥኑ ደህና ነው። ሲስተር አስቴርን በእጄ ለካኋት፤ ከዚያ ሳጥኑ ለካት። ተመሳሳይ ነው። እኔን ለካችኝ፤ እንደዚያው። እርሷ ስትለካ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥሩን እየተከተለች። ጅልነት ይመስለኝ ነበር።

«ለዶክተር እንንገራቸዋ» አለች።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልሁ። አልነገርሁም።

ብናገር እባረራለሁ። ምናልባትም እታሰራለሁ። ዝም ብል ይሞታሉ። ጠዋቱን በሙሉ ሦስተኛ መንገድ ስፈልግ ቆየሁና አገኘሁ መሰለኝ። የወይዘሮ ስንዱን ክኒን የምሰጠው እኔ ነኝ።

«ዛሬ ይለፍዎት ተብሏል» አልኋቸው።

«እሰይ!» አሉ። «እሱን ስውጥ ነው ጉልበቴ የሚከዳኝ።»

ከሁላችንም በፊት ያወቁት እርሳቸው ናቸው። የጠየቃቸው ግን የለም።

አራቱን ክኒን ሽንት ቤት ጣልሁ። ካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምሁ። እጄ ይሄንም ለምዶታል ለካ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

ዛሬም አልሰጠሁም። ዛሬም ፈረምሁ።

የሳጥኑ ወረቀት 140፣ 146፣ 150 ይላል፤ አንድም ጊዜ አልወረደም። ወይዘሮ ስንዱ በእግራቸው ወደ ደጅ ወጥተው ተመለሱ። አጠገባቸው ያለችውን አራስ፣ ቤተሰቦቿ ያመጡላትን ቅቤ አሽትተው፣ «ይሄ ቅቤ ሳይሆን ድንች ነው፤ ማን ሸጠላችሁ?» ብለው አሣቋት። እስከዛሬ ድምፃቸው እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ እንደ ደነዘዙ ነው የማውቃቸው።

እኔም ሣቅሁ። የዳኑት በኔ እንደሆነ ሁሉ ደስ አለኝ። ከዚያ ካርዱ ላይ ያለው ፊርማዬ ታየኝና ሣቄ አፌ ውስጥ ኮመጠጠ።

እሑድ፣ ጥቅምት 15

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስሁ። ከዚያ ሥራ ገባሁ። ሦስተኛ ቀን፤ አልሰጠሁም፣ ፈረምሁ።

የማታው ቁጥር 164። እየወጣ ነው። የደም ብዛት እንዳለባቸው እርግጥ ነው፤ ክኒን ያስፈልጋቸዋል፣ ያን ያህል ብቻ አይደለም። ስንት ይበቃቸዋል? አላውቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሦስተኛው መንገድ መንገድ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ወጣ።

ዶክተር ሕሙማኑን ሊያዩ ሲዞሩ ሦስተኛው አልጋ ላይ ደርሰው የሦስቱን ቀን ወረቀት ዘረጉ። ፊታቸው በራ። «አላልኋችሁም? ባትሪ ድንጋዩ ነው!» አሉ። «ይኸው 140፣ 150፣ 164። ከ210 እዚህ ደረሰ። አራቱ ክኒን ገና አሁን ነው የሠራው። ነገ ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ ይሄንኑ አራት አራት፣ የሦስት ወር ይሰጣቸው።»

ወይዘሮ ስንዱ መረቁ። የሺ ወዲያው ዕቃ መጠቅለል ጀመረች። እኔ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ቀረሁ። ላድናቸው ብዬ ያደረግሁት ነገር ለሚገድላቸው መጠን ማስረጃ ሆኖ ተዘርግቷል። ይጁቤ ገብተው አራቱን ክኒን ይውጣሉ፤ በሁለተኛው ቀን ወይ ምድጃ ላይ ይወድቃሉ፣ ወይ ወንዝ ውስጥ።

ዶክተርን ተከትዬ ቢሯቸው ገባሁ። በሩን ዘጋሁ።

«ዶክተር፣ መዝገቡ ውሸት ነው።»

«የቱ መዝገብ?»

«የኔ። የግፊቱ። ከሰኔ ጀምሮ ብዙውን ሳልለካ ነው የጻፍሁት።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«የወይዘሮ ስንዱስ?»

«የግንቦቱ ብቻ ነው እውነት። ሳጥኑ አልተበላሸም፤ ሮብ ዕለት የጻፈው ትክክል ነው። ከዓርብ ወዲህ ደግሞ ክኒኑን አልሰጠኋቸውም።»

«ካርዱ ላይ ተሰጥቷል ይላል።»

«እኔ ነኝ የፈረምሁት።»

ይኼኔ ነው የጮኹት። መስኮቱ የተሰነጠቀ መሰለኝ። «በኔ እጅ ነው ሰው ልታስገድል የነበረው! በኔ እጅ! እምነቴን ምን አደረግኸው?» ወንበሩን ገፍተው ተነሡ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡኝ። በዝግታ፣ «በአምስት ወር ውስጥ ተነሥቼ አንድ ቀን ብለካቸው ኖሮ ይበቃ ነበር» አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። «ሂድ፤ ሌላው ስንት ሰው እንደሆነ ቁጠርና አምጣልኝ። ለወይዘሮ ስንዱም ራስህ ትነግራቸዋለህ። ሌላ ሰው አይነግርልህም።»

ወጥቼ መዝገቡን ከሰኔው ገጽ ጀምሬ ገለጥሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዶክተር ጠዋት ራሳቸው መጥተው ወይዘሮ ስንዱን ተኝተውም፣ ተቀምጠውም፣ ቆመውም ለኳቸው። ክኒኑን ከአራት ወደ አንድ አወረዱት። ለአራት ቀን ሳጥኑ ይከታተላቸዋል፤ ከዚያ ይወሰናል።

ከዚያ ለወይዘሮ ስንዱ ነገርኋቸው። ቆሜ ነው የነገርኋቸው፤ ለመቀመጥ ድፍረት አጣሁ።

«ታዲያ እጄ የተሰበረው ለዚያ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሳትለካኝ?»

«ሳልለካዎት።»

«ጨርቁን እኮ ጠቅልለህልኝ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ምነው ዛሬስ አልጠበቀኝም ብልህ፣ ደህና ነው እማማ፣ ደህና ነው አልኸኝ። አስታወስህ?»

አላስታወስሁም። ይሄ ነው እኮ ነገሩ። እርሳቸው የጨርቁን መላላት ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ እኔ ፊታቸውን እንኳ አላስታውስም።

«እኔ ክኒንህን እንደ ቁርባን ነው የዋጥሁት» አሉ። «ሲያዞረኝ፣ በሽታዬ ጸንቶ ነው፣ ሐኪም ምን አጠፋ አልሁ። ለየሺ ኑዛዜዬን ነግሬያት ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሺ ከጫማዬ አጠገብ እንትፍ አለች። ጨርቅ አምጥቼ ጠረግሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ቆጠርሁ። ከወይዘሮ ስንዱ ሌላ ሃያ ሦስት ሰው። ክኒን የተጨመረባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ ሰባቱ እዚሁ ማርቆስና ደምበጫ፣ ሁለቱ ሮብ ገበያ። ዶክተር ዝርዝሩን ተቀብለው ስለ እኔ ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ መጻፋቸውን ነገሩኝ። መልሱ እስኪመጣ ከሲስተር አስቴር ጋር እየዞርሁ ሁሉንም እለካለሁ። እያንዳንዱን ቁጥር እርሷ ደግማ ለክታ ትፈርምበታለች። ተገቢ ነው።

የወይዘሮ ስንዱ ወረቀት በአንድ ክኒን፦ 146፣ 140፣ 138፣ 142። ቆመው 134። ዛሬ እስከ ግቢው በር ሄደው ተመለሱ፤ የማንንም ትከሻ አልያዙም። በመስኮት አየኋቸው። ልወጣ አልደፈርሁም።

ከሰዓት ሳጥኑ ወረቀት ጨረሰ። ሲስተር ማዋለጃ ክፍል ናት። ወይዘሮ ስንዱ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ወደኔ ሳያዩ ዘረጉት።

«ና ለካኝ። ይቅር ብዬህ አይምሰልህ፤ ሲስተር ስለሌለች ነው። ቁጥሩን ጮክ ብለህ ተናገር፤ የሺ ትጽፈዋለች።»

የሺ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። እርሳስና የተቀደደ የደብተር ገጽ ይዛ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ ቀድመው ተመካክረዋል ማለት ነው። ጨርቁን አሰርሁ። «ጠበቀዎት?» አልኋቸው። «ጠብቋል» አሉ። እየነፋሁ፣ እያስተነፈስሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ቁጥሩን ተከተልሁ። «መቶ አርባ» አልሁ። የሺ ጻፈች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ «ድገመው» አለችኝ። ደገምሁት። መቶ አርባ።

ሮብ፣ ጥቅምት 25

ወይዘሮ ስንዱ ቅዳሜ ዕለት ወጡ። በቀን አንድ ክኒን። የሺ ያን ወረቀት አጥፋ ይዛዋለች።

እኔና ሲስተር አስቴር ዛሬ ሮብ ገበያ ነበርን። የጮቄ ተራራ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በዝርዝሬ ካሉት ሁለት ሰዎች አንዷን ሴትዮ ቤታቸው አገኘናቸው፤ ለክተን ስናያቸው ክኒኑ የሚገባቸውን ያህል ነው፣ ደህና ናቸው። ሁለተኛውን፣ ፈረስ ነጋዴውን አያ ውበቱን፣ ገበያው መሐል አገኘኋቸው። የፈረስ ጥርስ ገልጠው ያሳያሉ።

«ኧረ ዶክተራችን!» አሉኝ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ አያ። ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«ድሮ ቀረ! ሦስት ካደረጋችሁብኝ ወዲህ ከፈረስ ላይ ዞሮኝ ልወድቅ ነበር። ነሐሴ ላይ ገደል ሰደድሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ወይፈን ነኝ።»

ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ለካኋቸው። 198። ሲስተር ደግማ ለካች። 198። እርስ በርሳችን ተያየን።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ይወቅረኛል። ብርዱ ነው።»

ነገርኋቸው፤ የሰኔውንና የሐምሌውን እንዳልለካሁ፣ ክኒናቸው በውሸት ቁጥር ሦስት እንደደረሰ። «የዛሬው ግን እውነት ነው» አልሁ። «በሽታው አለብዎት። ሦስት ሳይሆን አንድ ይበቃዎት ይሆናል፤ ሳይወስዱ ግን አይሆንም።»

ሣቁ። ፈረስ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ሣቀ። ከዚያ ሣቃቸውን ቆርጠው ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«የዋሸኸኝም አንተ፣ እውነት ነው የምትለኝም አንተ። እኔ የቱን ልመን?»

«ሲስተርን ይመኗት» አልሁ።

ሲስተር ቁጥሩን ነገረቻቸው፤ እርሷን በጥሞና ሰሟት። ክንዳቸውን እንደገና ሰጡኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ። ዶክተር ያዘዙትን ክኒኖች በወረቀት ጠቅልዬ ስሰጣቸው ተቀብለው ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሯቸው።

«በሚመጣው ሮብ ራስህ መጥተህ ብትለካኝ እውጠዋለሁ» አሉ። «ከቀረህ እንዳልዋጥሁት ዕወቅ።» ተመልሰው ፈረሳቸውን ያዙ።

ከአዲስ አበባ መልስ አልመጣም። እስከዚያ ሮብ ድረስ ድሬሰር እሁን አልሁን አላውቅም። አያ ውበቱ ከዛሬ ጀምረው ይዋጡት፣ ወይስ እስክመጣ ይጠብቁ፣ እሱንም አላውቅም። መለኪያውን ቢነጥቁኝ ሲስተር የራሷን ይዛ አብራኝ እንድትመጣ እለምናታለሁ። እሄዳለሁ።